የቢሮ ላፕቶፕ ቤት ሲገባ የአድሚን ፓስወርድ ማን ይያዝ? የአምስት አማራጮች ንጽጽር

ላፕቶፑ ከቢሮ ወጥቶ ቤት ሲገባ የአይቲ ባለሙያው አብሮ አይሄድም። አዲስ ፕሪንተር ሲሰካ፣ ከቢሮ ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው የቪፒኤን ፕሮግራም አዲስ ቨርዥን ሲፈልግ፣ የኮምፒውተሩ ሰዓት ሲዛባ የአድሚን ፓስወርድ ይጠየቃል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቢሮ ከተዘጋ በኋላ ወይም እሑድ ነው። መሥሪያ ቤቶች የሚሰጡት መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ሠራተኛውን ሙሉ አድሚን አድርገው ይገላገላሉ፣ ወይ ሁሉን ዘግተውበት ለትንሹም ለትልቁም ላፕቶፑን ተሸክሞ እንዲመለስ ያደርጋሉ።

የመጀመሪያው አደገኛ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሠራተኛውን የቢሮ ፋይል በግል ስልኩና በራሱ ኮምፒውተር ወደ መሥራት ይገፋዋል፤ ያ ከመጀመሪያው አይሻልም። መወሰን ያለበት ፓስወርዱ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥና ሲያስፈልግ በምን መንገድ እንደሚደርስ ነው። እዚህ ላይ አምስት መንገዶች አሉ። ንጽጽሩ ዊንዶውስ 10ን እና 11ን ይመለከታል። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ ስላበቃ፣ ላፕቶፑ የሚችል ከሆነ ከፈቃድ ሥራው በፊት ወደ 11 ይሻገር።

አድሚን እና ስታንዳርድ ሲባል

በተግባር ዊንዶውስ ላይ ሁለት ዓይነት አካውንት አለ። አድሚን የሆነ ሰው ለሁሉም ተጠቃሚ ፕሮግራም ይጭናል፣ አዲስ አካውንት ይፈጥራል፣ የሌላ ሰው ፎልደር ይከፍታል፣ የአንቲቫይረስ ጥበቃን ያጠፋል። ስታንዳርድ የሆነ ሰው የዕለት ሥራውን ይሠራል፣ ዋይፋይ ይቀይራል፣ የራሱን ዴስክቶፕ ያስተካክላል፤ መላውን ኮምፒውተር የሚነካ ነገር ሲመጣ ግን የአድሚን ፓስወርድ ይጠየቃል። ድሮ የነበረው የ«ጌስት» አካውንት ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ መግቢያ ሆኖ አያገለግልም። «ፓወር ዩዘርስ» የሚባለው ግሩፕም ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ በስም ብቻ የቀረ ስለሆነ ሠራተኛን እዚያ ማስገባት ምንም አይጨምርለትም።

ሁለት ነገሮች በብዙዎች ዘንድ በስህተት ይታመናሉ። አንዱ፣ ስክሪኑ ጠቆር ብሎ «የስ» ወይም «ኖ» የሚለው ጥያቄ ካለ ጥበቃ አለ የሚለው ነው። ይህ ዩኤሲ የሚባለው መጠየቂያ ለአድሚን ሲመጣ ፓስወርድ አይፈልግም፤ አንድ ክሊክ ይበቃዋል። በመደበኛ ደረጃው ደግሞ አንዳንድ የዊንዶውስ የራሱ ፕሮግራሞች ሳይጠይቁ ያልፋሉ፤ ጎጂ ፕሮግራሞችም በዚያው ቀዳዳ ሾልከው ይገባሉ። ማይክሮሶፍት ራሱ ይህን ለአድሚን የሚመጣ ጥያቄ የደኅንነት ድንበር ብሎ አይቆጥረውም።

ሌላው፣ ስታንዳርድ የሆነ ሰው ምንም መጫን አይችልም የሚለው ነው። ቴሌግራም፣ ዙም፣ ክሮም በሠራተኛው የራሱ ፎልደር ውስጥ ያለ አድሚን ፓስወርድ ይጫናሉ። ራንሰምዌርም (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጎጂ ፕሮግራም) በስታንዳርድ አካውንት ቢነሳ የዚያን ሠራተኛ ፋይሎችና እሱ መጻፍ የሚችልባቸውን የኔትወርክ ፎልደሮች ይቆልፋል። የማይችለው ዊንዶውስ ያስቀመጣቸውን የቀድሞ ቅጂዎች መሰረዝ፣ አንቲቫይረሱን መዝጋትና በሌሎች አካውንቶች ውስጥ ያለውን መንካት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ባክአፕን ግን አይተካም።

በምን እንመዝን

ለቤት የሚሄድ ኮምፒውተር የሚጠየቁት ጥያቄዎች ለቢሮ ኮምፒውተር ከሚጠየቁት በጥቂቱ ይለያሉ። ሠራተኛው ሳያውቅ መጥፎ ፋይል ቢከፍት ጉዳቱ እስከ የት ይደርሳል? ከሥራ ሰዓት ውጭ አንድ ነገር ቢያስፈልግ ሥራው ይቆማል ወይ? ኢንተርኔት ወይም መብራት ሲጠፋ ዘዴው ይሠራል ወይ? (በእኛ አገር ይህ ከሁሉም ቀድሞ መታየት ያለበት ነው፤ በስብሰባ ላይ የሚያምር ዘዴ ኔትወርክ ሲጠፋ ዋጋ የለውም።) ቤተሰብ ያንኑ ኮምፒውተር ቢነካ የቢሮው ፋይል ተለይቶ ይቆያል ወይ? ሠራተኛው ሲለቅ ኮምፒውተሩን መልሶ መረከብ ቀላል ነው ወይ?

ከዚያ ወጪው። ወጪን የሚወስነው ብዙ ጊዜ የዊንዶውሱ ዓይነት ነው። «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «አባውት» ብለው ሲገቡ «ሆም» የሚል ከሆነ ኮምፒውተሩን በመሥሪያ ቤት ዶሜይን (የቢሮውን ኮምፒውተሮችና አካውንቶች ከአንድ ሰርቨር በሚያስተዳድር ኔትወርክ) ማስመዝገብ አይቻልም፤ የግሩፕ ፖሊሲና የአካውንት ግሩፖች መስኮቶችም የሉበትም። ከሆም ወደ ፕሮ ማሳደግ በማይክሮሶፍት የአሜሪካ ዋጋ 99 ዶላር ነው። ከታች ያሉት አማራጭ 1፣ 2 እና ቀላሉ የአማራጭ 3 ዓይነት በሆም ይሠራሉ፤ አማራጭ 5 ፕሮ ይፈልጋል።

አማራጭ 1፦ ሁሉም በአንድ የአድሚን አካውንት

አዲስ ኮምፒውተር ሲከፈት መጀመሪያ የሚፈጠረው አካውንት አድሚን ስለሆነ፣ ማንም ካልነካው ኮምፒውተሩ በዚህ መልክ ይቀራል። ጥቅሙ ሥራ አለመቆሙ ነው፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ ወጪ የለውም። በቀሩት መመዘኛዎች ግን ይወድቃል። በኢሜይል የመጣ «ደረሰኝ» የሚል ፋይል ቢከፈትና ለሚመጣው ጥያቄ «የስ» ቢባል ጉዳዩ ከአንድ ሰው ፋይሎች አልፎ የመላው ኮምፒውተር ይሆናል።

የግድ በዚህ መቆየት ካለብዎ ቢያንስ የዩኤሲውን መቆጣጠሪያ ከአራቱ ደረጃዎች ወደ ላይኛው ከፍ ያድርጉት። «ዩኤሲ» ብለው ከስታርት ቢፈልጉ ይመጣል። ወደ ታችኛው ደረጃ ዝቅ ማድረግ ለምንም ፕሮግራም ሲባል አይመከርም። «አድሚኒስትሬተር» የሚባለውንና ከዊንዶውስ ጋር ተሠርቶ የሚመጣውን የተዘጋ አካውንትም አይክፈቱት፤ እሱ በመደበኛ አቀማመጡ ያለ ምንም ጥያቄ ነው የሚሠራው።

አማራጭ 2፦ ሁለት አካውንት፣ ሁለቱም በሠራተኛው እጅ

ሠራተኛው በየቀኑ የሚሠራበት አካውንት ስታንዳርድ ይሆናል፤ ሌላ የአድሚን አካውንት ይኖራል፤ ፓስወርዱንም ሠራተኛው ያውቀዋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን ለመንካት ሲሞክር በአንድ ክሊክ ፈንታ ሌላ ፓስወርድ መጻፍ ይጠይቃል፤ ያ ቆም ብሎ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። ከበስተጀርባ ሾልኮ ለመግባት የሚሞክረውም ፕሮግራም አብሮት የተኛ የአድሚን ፈቃድ አያገኝም። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ እሑድም ይሠራል፤ ወጪ የለውም። በግሉ ለሚሠራና ኮምፒውተሩ የራሱ ለሆነ ሰው እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው።

ሲሠራ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ብዙዎች አዲስ የስታንዳርድ አካውንት ይፈጥሩና ፋይል፣ ኢሜይልና ቴሌግራም ሁሉ ወደዚያ ማዛወር ሲያቅታቸው ይተዉታል። ተገላቢጦሹን ያድርጉ፤ አዲስ የሚፈጠረው የአድሚኑ አካውንት ይሁን፣ የቆየው አካውንት ከነፋይሉ ባለበት ሆኖ ዝቅ ይበል፦

1. «ሴቲንግስ»፣ «አካውንትስ»፣ «አዘር ዩዘርስ» ገብተው «አድ አካውንት» ይጫኑ። ኢሜይል ሲጠይቅ የሰውየውን መግቢያ አላውቅም የሚለውን፣ ቀጥሎ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ጨምር የሚለውን ይምረጡ። ስም፣ ፓስወርድና ሦስት የማስታወሻ ጥያቄዎች ይሞላሉ።
2. አዲሱ አካውንት ሲፈጠር ስታንዳርድ ነው። «ቼንጅ አካውንት ታይፕ» ብለው «አድሚኒስትሬተር» ያድርጉት።
3. ከነበሩበት ወጥተው በአዲሱ አንድ ጊዜ ይግቡ። ፓስወርዱ በትክክል መሥራቱን ሳያዩ ወደ ቀጣዩ አይለፉ።
4. በአዲሱ ውስጥ ሆነው የቆየውን አካውንት ወደ «ስታንዳርድ ዩዘር» ይቀይሩ።
5. የቆየው አካውንት ከበስተጀርባ ክፍት ሆኖ ከቆየ ሳይን አውት ያድርጉት። ፈቃዱ የሚታደለው በመግቢያ ጊዜ ስለሆነ፣ ሳይወጡ ቢቀጥሉ አሁንም አድሚን ሆነው ነው የሚሠሩት።

የአድሚኑ ፓስወርድ በእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ብቻ ይሁን። የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ እያለ የተፈጠረ ፓስወርድ፣ በሌላ ኪቦርድ የሚከፈተው የመግቢያ መስኮት ላይ ሲጻፍ «ስህተት ነው» ይላል፤ የሚጻፈው ስለማይታይም ምክንያቱን ማወቅ ያስቸግራል። ባለ 4 አኃዝ ፒን ለአድሚኑ አያድርጉ፤ ከጎን የተቀመጠ ልጅ በአንድ ምሽት ያጠናዋል።

የዚህ አማራጭ ድካም በሠራተኛው ላይ መመሥረቱ ነው። ጥያቄ በመጣ ቁጥር ሳያነብ ፓስወርዱን የሚጽፍ ሰው ከሆነ ወደ አማራጭ 1 ተመልሷል ማለት ነው። አድሚኑን ሁልጊዜ ክፍት አድርጎ መሥራትም ያው ነው።

አማራጭ 3፦ ሠራተኛው ስታንዳርድ፣ ፓስወርዱ ቢሮ

አቀማመጡ ከአማራጭ 2 ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ የአድሚኑን ፓስወርድ የሚያውቀው ቢሮው ብቻ መሆኑ ነው። ቁጥጥሩ ጠንካራ ነው፤ ሠራተኛ ሲለቅም ኮምፒውተሩ ከነቁልፉ ቢሮ ነው። ችግሩ ከርቀት ሲረዳ ነው የሚታየው።

በኩዊክ አሲስት (የዊንዶውስ የራሱ የርቀት መርጃ ፕሮግራም) የሚረዳ ባለሙያ የአድሚን ፓስወርድ የሚጠየቅበት መስኮት ሲመጣ የእሱ ስክሪን ይቋረጥበታል። መስኮቱን የሚያየው ቤት ያለው ሠራተኛ ብቻ ስለሆነ ባለሙያው ፓስወርዱን በስልክ ለመናገር ይገደዳል። ኤኒዴስክ የሚባለው ሌላ የርቀት መርጃም ሳይጫን በቀጥታ ከተከፈተ ተመሳሳይ ነው። ላፕቶፑ ቢሮ እያለ በአድሚን ፈቃድ ከተጫነ ግን መጠየቂያው ለረዳቱም ይታያል። ስለዚህ የርቀት መርጃውን ላፕቶፑ ከመውጣቱ በፊት ይጫኑት፣ ይሞክሩትም።

የዶሜይን ላፕቶፕ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ከቢሮ ኔትወርክ ውጭ ሆኖ የሚያውቃቸው ከዚህ በፊት በዚያ ላፕቶፕ ላይ የገቡ ሰዎችን ብቻ ነው፤ በመደበኛ አቀማመጡ የመጨረሻዎቹን 10። ባለሙያው በዚያ ላፕቶፕ ገብቶ የማያውቅ ከሆነ የራሱን ትክክለኛ ፓስወርድ ቢጽፍም ቪፒኤን እስኪገናኝ አይቀበለውም። ቪፒኤኑ ራሱ ተበላሽቶ ከሆነ ደግሞ መግቢያ የለም። ለዚህ ሲባል በላፕቶፑ ላይ ብቻ ያለ አንድ የአድሚን አካውንት የግድ ያስፈልጋል።

ፓስወርዱ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የተለየ ይሁን። ለሁሉም አንድ ከሆነ ለአንድ ሠራተኛ በስልክ የተነገረው ፓስወርድ የመሥሪያ ቤቱን ላፕቶፕ በሙሉ ይከፍታል። ጥቂት ኮምፒውተር ላለው ቢሮ የፓስወርድ ማስቀመጫ ፕሮግራም ወይም በካዝና የሚቆለፍ መዝገብ ይበቃል፤ በስልክ የተነገረው በማግስቱ ይቀየራል። አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የዶሜይን አካውንቶች ማስተዳደሪያ) ወይም ኢንትራ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ላይ አካውንት ማስተዳደሪያ) ያለው ቢሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ዊንዶውስ ውስጥ የተካተተውን የአድሚን ፓስወርድ አስተዳዳሪ ላፕስን ይጠቀም። ላፕስ ባለ 14 ፊደል ፓስወርድ እየፈጠረ በመደበኛ አቀማመጡ በየ30 ቀኑ ይቀይራል፤ አንድ ሰው ከተጠቀመበትም ከ24 ሰዓት በኋላ ራሱ ይለውጠዋል። ላፕቶፑ ከኔትወርክ ቢለይ የመጨረሻው ፓስወርድ ባለበት ስለሚቆይ፣ ኢንተርኔት ለሌለው ሠራተኛ በስልክ ሊነገረው ይችላል። ይህ ዘዴ በጣም የሚያስመሰግነው እዚህ ላይ ነው።

አማራጭ 4፦ ለተወሰነ ደቂቃ አድሚን

ሠራተኛው ስታንዳርድ ሆኖ ይሠራል፤ ሲያስፈልገው ቁልፍ ይጫንና ለጥቂት ደቂቃ አድሚን ይሆናል። ለዊንዶውስ «ሜክ ሚ አድሚን»፣ ለማክ የሳፕ ኩባንያ «ፕሪቪሌጅስ» በነፃ ይገኛሉ። ፕሮግራም ለሚጽፉና በየቀኑ አዲስ መሣሪያ ለሚጭኑ ሰዎች ይመቻል። ለሂሳብ ሠራተኛ ወይም ለጸሐፊ ግን አያስፈልግም።

ጊዜው ሲያበቃ የተከፈተው ሁሉ አብሮ እንደማይዘጋ ይወቁ። በእነዚያ ደቂቃዎች በአድሚን ፈቃድ የተነሳ ፕሮግራም እስኪዘጋ ድረስ ፈቃዱን ይዞ ይቀጥላል፤ በዚያው ጊዜ ሌላ የአድሚን አካውንት ቢፈጠርም ይቀራል። ስለዚህ መዝገብ የማይታይበት ጊዜያዊ አድሚን ከቋሚው ብዙም አይርቅም።

አማራጭ 5፦ ከማዕከል ማስተዳደር

በማይክሮሶፍት ኢንትራና ኢንቱን (መሣሪያዎችን ከሩቅ ማስተዳደሪያ) ቢሮው ፈቃዱን ከሩቅ ይሰጣል፣ ይነሳል፤ የጠፋ ላፕቶፕም ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ይዘቱ ይጠፋል። ሁለቱን የያዘው ማይክሮሶፍት 365 ቢዝነስ ፕሪሚየም በአሜሪካ ዋጋ ለአንድ ሰው በወር 22 ዶላር ሲሆን እስከ 300 ተጠቃሚ ነው የሚሸጠው። የ10 ሰው ቢሮ በዓመት 2,640 ዶላር ይከፍላል፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ። ገንዘቡ የሚያዋጣው ሠራተኞቹ በየከተማው ለተበተኑ ድርጅቶች ነው።

ከፍለው የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። ላፕቶፑን ወደ ኢንትራ የሚያስገባው ሠራተኛ፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ፣ በዚያ ላፕቶፕ ላይ አድሚን ይሆናል። ብዙ ድርጅት ይህን ሳያይ ሁሉንም ሠራተኛ አድሚን አድርጎ «በማዕከል ተቆጣጥረናል» ይላል። በኢንትራ የመሣሪያዎች ቅንብር ውስጥ ይህን መጀመሪያ ይዝጉ።

በአንድ እይታ

| መመዘኛ | 1፦ አንድ አድሚን | 2፦ ሁለት አካውንት | 3፦ ፓስወርዱ ቢሮ | 4፦ ለደቂቃዎች | 5፦ ከማዕከል |
|---|---|---|---|---|---|
| መጥፎ ፋይል ቢከፈት | መላው ኮምፒውተር | የአንድ ሰው ፋይል | የአንድ ሰው ፋይል | እንደ ጊዜው | የአንድ ሰው ፋይል |
| እሑድ ማታ ሲያስፈልግ | ይሠራል | ይሠራል | ስልክ የሚያነሳ ሰው ካለ | ይሠራል | እንደ ቅንብሩ |
| ያለ ኢንተርኔት | ይሠራል | ይሠራል | በስልክ ይሠራል | ይሠራል | ለውጥ አይደርስም |
| ቤተሰብ ሲነካው | መለያ የለም | ይለያል | በደንብ ይለያል | ይለያል | በደንብ ይለያል |
| ሠራተኛ ሲለቅ | አስቸጋሪ | መካከለኛ | ቀላል | መካከለኛ | በጣም ቀላል |
| ወጪ | የለም | የለም | የለም፤ ላፕስ ከሆነ ፕሮ | የለም | በየወሩ ክፍያ |

ለማን የቱ

በግሉ ለሚሠራና ኮምፒውተሩ የራሱ ለሆነ ሰው አማራጭ 2። ከሁለት እስከ አሥር ሠራተኛ ላለው፣ ቋሚ የአይቲ ባለሙያ ለሌለው ቢሮ አማራጭ 3 በቀላሉ ዓይነት፤ ኃላፊውና አንድ ሌላ ሰው ፓስወርዶቹን ይያዙ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከስልክ አይራቁ። የደንበኞች መታወቂያ፣ የባንክ ሂሳብ ወይም የጤና መረጃ የሚያዝ ከሆነ አማራጭ 1 ጨርሶ አይታሰብ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ መረጃው በሠራተኛ ቤት መሆኑ የቢሮውን ኃላፊነት አያነሳም። ዶሜይን ላለው ቢሮ አማራጭ 3 ከላፕስ ጋር፤ ፕሮግራመሮች ላሉት ለእነሱ ብቻ አማራጭ 4 ይጨመር።

ውጭ አገር ሆነው ኩባንያው በሚያስተዳድረው ላፕቶፕ ከቤት የሚሠሩ አንባቢዎች ምርጫው የእነሱ አይደለም። እዚያ ላይ ለልጆች አካውንት መክፈት ወይም አድሚን ለመሆን መሞከር የሥራ ውልን ሊጥስ ይችላል።

ዊንዶውሱ በክራክ የተከፈተ ከሆነ ከአምስቱ አንዱንም ከመምረጥ በፊት ንጹሕ ዊንዶውስ ይጫን። ክራኩ ራሱ «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ብሎ በአድሚን ፈቃድ የገባ ፕሮግራም ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደተወ የሚያረጋግጥ የለም።

ዲ ድራይቭ፦ ሁሉም የሚረሳው ቀዳዳ

ለልጆች የተለየ ስታንዳርድ አካውንት ከፍተው «አሁን የቢሮው ፋይል ተለየ» ብለው ካሰቡ ዲ ድራይቭን ይመልከቱ። የእያንዳንዱ ሰው ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ከሌላው ስታንዳርድ አካውንት የተዘጋ ነው። እኛ ግን ፎርማት ሲደረግ እንዳይጠፋ ብለን ሥራችንን የምናስቀምጠው ዲ ላይ ነው፤ ዲ ደግሞ በመደበኛ አቀማመጡ በዚያ ኮምፒውተር ለሚገባ ሰው ሁሉ ማንበብም፣ መቀየርም፣ መሰረዝም ይፈቅዳል። በቀጥታ ሲ ላይ፣ ከዊንዶውስ ፎልደር ጎን የተፈጠረ ፎልደርም እንዲሁ ነው።

የሚዘጋው በዚህ መልክ ነው። በአድሚን አካውንት ሆነው የሥራውን ፎልደር ራይት ክሊክ ያድርጉና «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሴኪዩሪቲ»፣ «አድቫንስድ» ይግቡ። «ዲሴብል ኢንሄሪታንስ» ሲጫኑ ሁለት ምርጫ ይመጣል፤ ያሉትን ፈቃዶች የሚያስቀረውን የመጀመሪያውን ይምረጡ። ሁለተኛው ሁሉንም ስለሚያጠፋ ፎልደሩ ለእርስዎም ይዘጋል። ከዝርዝሩ «ኦተንቲኬትድ ዩዘርስ» እና «ዩዘርስ» የሚሉትን ያስወግዱ፤ «ሲስተም» እና «አድሚኒስትሬተርስ» ይቆዩ። «አድ» ብለው የሠራተኛውን አካውንት ስም ያስገቡና «ሞዲፋይ» ይስጡት። «ፉል ኮንትሮል» አያስፈልገውም፤ ፈቃዱን ራሱ መልሶ እንዲቀይር ብቻ ነው የሚያደርገው። ውስጥ ላሉት ሁሉ እንዲደርስ ከታች ያለውን የመተኪያ ሳጥን ምልክት ያድርጉና ኦኬ ይበሉ። ከዚያ በልጁ አካውንት ገብተው ፎልደሩን ለመክፈት ይሞክሩ፤ «አክሰስ ዲናይድ» ካላለ ሥራው አላለቀም።

በፎልደሩ ላይ «ሴኪዩሪቲ» የሚል ከሌለ ዲስኩ የተዘጋጀው የፎልደር ፈቃድ በሚቀበለው የኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አይደለም ማለት ነው። አብዛኛው ፍላሽና የውጭ ዲስክ ፋት32 ወይም ኤክስፋት ስለሆነ በእነዚያ ላይ የፈቃድ ነገር ጨርሶ የለም። ከዚያው ዲ ላይ በ«ሙቭ» የገባ ፋይል ደግሞ የድሮ ፈቃዱን ይዞ ሊገባ ይችላል፤ ኮፒ ተደርጎ የገባው ግን የፎልደሩን ይወስዳል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በስታንዳርድ አካውንት ላይ ነው። ከቤተሰቡ አንዱ አድሚን ከሆነ የተዘጋውን ፎልደር ሲነካ ዊንዶውስ «ኮንቲንዩ» የሚል ቁልፍ ያቀርብለታል፤ አንዴ ከተጫነም ፈቃዱ በቋሚነት ይሰጠዋል። ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ሰውንም የፎልደር ፈቃድ አያቆመውም። ለዚያ በፕሮ ላይ ዲስኩን በሙሉ በምስጢር የሚቆልፈው ቢትሎከር ያስፈልጋል፤ ባለ 48 አኃዙ መክፈቻ ቁጥር ታትሞ ከላፕቶፑ ተለይቶ ቢሮ ይቀመጥ።

ከተቀየረ በኋላ የሚበላሹ ነገሮች

ብዙ ሰው ወደ አማራጭ 1 የሚመለሰው በመጀመሪያው ሳምንት በሚያጋጥሙት ነገሮች ነው። ሁሉም መፍትሔ አላቸው።

*ፕሮግራሙ ተጭኗል፣ ግን አይታይም።* ስታንዳርድ አካውንት ላይ ሆነው የአድሚን ፓስወርድ ሲጽፉ ፕሮግራሙ የሚሠራው በአድሚኑ ስም ነው። በግለሰብ ፎልደር የሚጫን ፕሮግራም ከሆነ የሚገባው በአድሚኑ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ሠራተኛው አያየውም። እንዲህ ያሉትን ያለ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ይጫኑ። በዚያው ምክንያት በአድሚን ፓስወርድ የተከፈተ ፕሮግራም የሠራተኛውን የኔትወርክ ድራይቭ አያገኝም።

*የቆየ የሂሳብ ፕሮግራም የድሮ ዳታ ያሳያል።* ይህ ያስደነግጣል፤ ዳታው ግን አልጠፋም። አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች ዳታቸውን የሚጽፉት በ«ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ነው። ስታንዳርድ አካውንት እዚያ መጻፍ ስለማይችል ዊንዶውስ ጽሑፉን ሳይናገር በዚያ ሰው ፕሮፋይል ውስጥ «ቨርቹዋልስቶር» ወደሚባል ፎልደር ያዞረዋል። በውጤቱ በአድሚን ሲከፈት አንድ ዳታ፣ በስታንዳርድ ሲከፈት ሌላ ዳታ ይታያል። ሁለቱን ቦታዎች ኮፒ አድርገው ያስቀምጡ፣ የትኛው የቅርብ እንደሆነ በቀኑ ይለዩ፣ ከዚያ የዚያን ፕሮግራም የዳታ ፎልደር ብቻ ለሠራተኛው «ሞዲፋይ» ይስጡ። ለመላው ሲ ድራይቭ «ኤቭሪዋን ፉል ኮንትሮል» የሚሰጡ ባለሙያዎች አሉ፤ ያ አጥሩን በሙሉ ማፍረስ ነው።

*ፕሪንተር።* በዩኤስቢ የሚሰካና ዊንዶውስ የሚያውቀው ፕሪንተር ያለ ፓስወርድ ይገባል። ከሲዲ ወይም ከድረ ገጽ የወረደ ድራይቨር ግን አድሚን ይፈልጋል፤ ከሌላ ኮምፒውተር በሼር የሚመጣ ፕሪንተርም እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2021 ጀምሮ ድራይቨር ለመጫን አድሚን ይጠይቃል። ሠራተኛው ቤቱ ያለውን ፕሪንተር ሞዴል ቀድሞ ይናገር፤ ድራይቨሩ ቢሮ እያለ ይጫን።

*ሰዓት።* ስታንዳርድ ተጠቃሚ የሰዓት ቀጠናውን እንጂ ሰዓቱንና ቀኑን መቀየር አይችልም። የማዘርቦርድ ባትሪው ባለቀ ኮምፒውተር ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከዚያ ድረ ገጾች በሙሉ «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም። መፍትሔው ፈቃድ መስጠት ሳይሆን ባትሪውን መቀየር ነው፤ በዴስክቶፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032 ነው።

*የአይፒ አድራሻ።* በየቦታው አይፒ ለሚቀይር ሠራተኛ ሙሉ አድሚን አያስፈልገውም። «ኔትወርክ ኮንፊገሬሽን ኦፐሬተርስ» የሚባለው ግሩፕ ውስጥ ይግባ፤ ያ ብቻ ይፈቀድለታል።

*የግዕዝ ፎንት።* ከዊንዶውስ 10 የ1809 ቨርዥን ወዲህ ሠራተኛው ለራሱ ያለ ፓስወርድ ይጭናል። «ለሁሉም ተጠቃሚ ጫን» የሚለውን ከመረጠ ነው የሚጠየቀው።

ማክ ላይም የመጀመሪያው አካውንት አድሚን ነው፤ የአማራጭ 2 አሠራር በ«ዩዘርስ እና ግሩፕስ» ውስጥ እንዳለ ይሠራል። ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት) ላይ መጀመሪያ የተፈጠረው ሰው የአድሚን ፈቃድ በሚሰጠው የሱዶ ግሩፕ ውስጥ ነው፤ ለቤተሰብ የሚጨመረው ስታንዳርድ ይሁን። የሰዎች የግል ፎልደር ከሌላው ተጠቃሚ የተዘጋ የሆነው ከኡቡንቱ 21.04 ወዲህ ስለሆነ የቆየውን ይፈትሹ።

በመጨረሻ፣ ላፕቶፑ ለጥገና ወይም ለርክክብ ቢሮ ሲመለስ «ኢቨንት ቪወር» ውስጥ የሴኪዩሪቲ መዝገቡን ይክፈቱና ሁለት ቁጥሮችን ይፈልጉ፤ 4720 አዲስ አካውንት መፈጠሩን፣ 4732 አንድ አካውንት ወደ ግሩፕ መጨመሩን ይናገራል። ቢሮው የማያውቀው ከተገኘ ሠራተኛውን ይጠይቁ። ሠራተኛው የሚለቅ ከሆነ አካውንቱን ከ«ሴቲንግስ» በኩል አያጥፉት፤ እዚያ አካውንትና ዳታ አብረው ይሰረዛሉ። ከ«ኮንትሮል ፓነል» ሲጠፋ «ኪፕ ፋይልስ» የሚል ምርጫ አለ፤ ዴስክቶፑንና ዶክመንትሱን ወደ አድሚኑ ዴስክቶፕ ያስቀምጣል። ኢሜይሉን ግን አያስቀምጥም፤ እሱን አስቀድመው ለብቻው ያውጡ።